የተደባለቀ ሰፈር ሥራ ያስገኛል ወይ? የደብረ ብርሃንና የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ኑ እንነጋገርበት

የጠባሴ ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የሠራተኛ ቅጥር ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ስሙን አልጠራም፤ ነገሩም የአንድ ፋብሪካ ጉዳይ አይደለም።

እኩል የተማሩ፣ እኩል ፈተና ያለፉ ልጆች ይመጡልናል። እስከዚያ ድረስ ማንም ከማንም አይበልጥም። ሥራው የዕቃ ግምጃ ቤት፣ የገንዘብ ተቀባይነት፣ የሽያጭ ወይም የሹፌርነት ከሆነ ግን "ተያዥ አምጡ" እንላለን። ተያዡ ቋሚ ሥራ ያለው ሰው መሆን አለበት። ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ፣ መታወቂያውንና ፎቶውን ይዞ፣ ራሱ መጥቶ ይፈርማል።

ሰፈር የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ከመሀል ከተማ፣ ከድሮዎቹ የቀበሌ ቤቶች አካባቢ የመጣ ልጅ በማግስቱ ተያዡን ይዞ ከች ይላል። ተያዡም አስተማሪ ጎረቤቱ፣ ወይ ጤና ጣቢያ የምትሠራ የእናቱ የቡና ጓደኛ፣ ወይ የእድራቸው ጸሐፊ ነው። ከከተማው ዳር፣ ሁሉም የቀን ሠራተኛ ከሆነበት ሰፈር ወይም ከተፈናቃዮች መጠለያ የመጣው ግን "አንድ ሳምንት ስጡኝ" ይላል። ሳምንቱ ያልፋል። ስንደውልለት "እየፈለግሁ ነው" ይለናል። በመጨረሻ ተጠባባቂው ይጠራና የእሱ ፋይል መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከእነዚህ ፋይሎች መካከል በፈተናው አንደኛ የወጣ ልጅ ፋይል አለ። ያቃጥለኛል።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ሰፈሩ የተለያየ ሥራ፣ የተለያየ ገቢ፣ የተለያየ አገር ሰው የተቀላቀለበት መሆኑ ለነዋሪው የሥራ ዕድል ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? እኔ ያመጣል ባይ ነኝ። የትኛው መደባለቅ እንደሆነ ግን ጠርቶ አልታየኝም። የብሔር ነው? የሃይማኖት ነው? የኑሮ ደረጃ ነው? ወይስ የሥራ ዓይነት? በየከተማችሁ ያያችሁትን ጻፉልኝ።

ባለ ሼዱ | ሰኞ፣ ማታ 3:05

እህቴ፣ እኔ ከአንቺ ጋር አልስማማም። ከመንዝ ነው የመጣሁት። ደብረ ብርሃን ስገባ የማውቀው ሰው ቢኖር የአገሬን ልጆች ብቻ ነበር፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበን ነው የኖርነው። ከመካከላችን የተለየ ሥራ ያለው አልነበረም፤ ሁላችንም ግንባታ ላይ ነበርን። እኔን ግን ሥራ ያስገባኝ ያ ክፍል ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ "ዛሬ ኮንክሪት አለ፣ ሁለት ሰው ይፈለጋል" ሲባል ሁለተኛው ሰው እኔ ነበርኩ። ተያዥ የጠየቀኝ የለም። ፎርማኑ የአባቴን ስም ሲሰማ አውቆታል።

አሁን የእንጨት ሥራ ሼድ አለኝ። የማላውቀውን ሰው ማሽን ላይ ማቆም ከባድ ነው፤ ጣቱ ቢቆረጥ፣ ዕቃ ቢጠፋ የት አገኘዋለሁ? ስለዚህ የምቀጥረው የማውቀው ሰው የሚያውቀውን ነው። ይህ ክፋት አይደለም፣ ኃላፊነት ነው። ለእንግዳ ሰው የተደባለቀ ሰፈር ምን ያደርግለታል? ማንም የማያውቀው ጎረቤት መሀል ከመግባት በአገሩ ሰው መሀል ቢያድር ይሻለዋል ባይ ነኝ።

መምህር ከመሐል ሜዳ | ሰኞ፣ ማታ 4:20

ሁለታችሁም ያያችሁት እውነት ነው። ጉዳዩ በሌላው ዓለም በደንብ የተጠና ስለሆነ ጥቂት ላካፍል።

ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ቦስተን አጠገብ ባለችው ኒውተን ከተማ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን አነጋግሮ ነበር፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 አወጣው። "የሥራውን ወሬ የነገረህን ሰው በዚያን ጊዜ ምን ያህል ታገኘው ነበር?" ብሎ ጠየቃቸው። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ከሚያዘወትሩት ወዳጅ የሰሙት 16.7 በመቶ ብቻ ሆኑ። 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ ከሚያገኙት፣ 27.8 በመቶው ደግሞ ከስንት አንዴ ከሚያዩት ሰው ነው የሰሙት። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የልብ ወዳጅህ የሚውለው አንተ በምትውልበት፣ የሚሰማውም አንተ የምትሰማውን ነው። አዲስ ወሬ የሚመጣው ሌላ ቦታ ከሚውል ሰው ነው።

ባለ ሼዱ ያልከውም ማስረጃ አለው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ስደተኞችን በአንድ ቦታ እንዳይከማቹ በየከተማው ትመድባቸው ነበር። ኋላ ተመራማሪዎች መረጃውን ሲመረምሩ፣ ብዙ ያልተማሩት ስደተኞች የአገራቸው ሰው በብዛት ባለበት ሲኖሩ ገቢያቸው ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። መበተኑ ጎዳቸው እንጂ አልጠቀማቸውም።

እኔ ሁለቱን እንዲህ አስታርቃቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ሥራ የሚሰጥህ የአገርህ ሰው ነው፤ እሱ እጅህ ላይ ወረቀት ባይኖርም ያምንሃል። ሁለተኛውን፣ ደመወዙ የተሻለውን፣ ጡረታ ያለውን ሥራ ግን የአገርህ ሰው ሊሰጥህ አይችልም፤ እሱም የለውማ። ባለ ሼዱ፣ ከዚያ ክፍል ልጆች ስንቱ ከግንባታ ወጥቶ ሌላ ሥራ ያዘ? ይህን ብትነግረን ጥሩ ነው።

ባለ ሼዱ | ሰኞ፣ ማታ 4:48

መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎ። እኔና አንድ ሌላ ልጅ ነን የወጣነው። እሱ የባጃጅ ባለቤት ከሆነ ሰው ግቢ ተከራይቶ ነበር። እኔም ሼዱን ያገኘሁት በጥቃቅንና አነስተኛ ስደራጅ ነው፤ እዚያ አብረን የተደራጀነው አምስት ልጆች ከአምስት ሰፈር ነበርን። የተቀሩት እስካሁን ኮንክሪት ላይ ናቸው።

የጠባሴ ልጅ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:30

መምህር እናመሰግናለን። "ሁለተኛው ሥራ" ያሉት እኔ መሳቢያ ውስጥ የማየው ነው። ለጭነት፣ ለማሸግ፣ ለጽዳት ከየትኛውም ሰፈር ይገባል፤ በር ላይ ተሰልፎ ነው የሚቀጠረው። ልዩነቱ የሚመጣው ከበሩ ወደ ውስጥ ስንገባ ነው።

ከምዕራብ የመጣሁ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:15

እኔ ከወለጋ ከተፈናቀሉት አንዱ ነኝ። እዚያ በቆሎ እናመርት ነበር፣ ጥቂት ቡናም ነበረን። ደብረ ብርሃን ስንመጣ መጠለያ ገባን። ስለ መጠለያው ብዙ አልልም፤ ሕዝቡ ብርድ ልብስና እንጀራ ይዞ የመጣበትን ጊዜ አንረሳም።

ስለ ሥራ ግን ልንገራችሁ። መጠለያ ውስጥ ሁላችንም ገበሬ ነበርን። መሬት የሌለው ገበሬ ከመሬት የለሽ ገበሬ ጋር ሲውል የሚያወራው ስለ ራሽንና ስለ መመለስ ነው። የሥራ ወሬ ሲመጣ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ "ድንጋይ የሚጭን መኪና ቆሟል" ሲባል መቶ ሰው ይሮጣል፣ ስድስት ይወሰዳል። ተያዥ ቢባል ደግሞ ከመካከላችን ለሌላው መፈረም የሚችል አንድም ሰው አልነበረም። ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው የለማ።

ከዚያ እኔና ባለቤቴ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየን። አከራያችን እትዬ ጠላ ይሸጣሉ፤ በግቢው ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጥበቃ፣ አንዲት ነርስና ከእህል ተራ ሸክም የሚሠራ ልጅ ይኖራሉ። መጀመሪያ ለሁለት ወር ያህል ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። ነገሩን የለወጠው ባለቤቴ መውለዷ ነው። እትዬ ገንፎውን አገነፉ፣ ነርሷ ማታ ማታ እየገባች ታያት ጀመር፣ ሸክም የሚሠራው ልጅ ደግሞ "አንተ ኦሮምኛ ትችላለህ አይደል?" አለኝ። ከሸኖና ከዚያ አካባቢ እህል ይዘው የሚመጡ ነጋዴዎችና ገበሬዎች አሉ፤ ነጋዴው ቋንቋውን የሚችል፣ ሚዛን ላይ የሚቆም ሰው ይፈልግ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው ነኝ። ጆንያ ከመቁጠር ጀመርኩ፤ አሁን የገዛነውን እህል በደብተር የምመዘግበው እኔ ነኝ። ነጋዴው ተያዥ ሲጠይቀኝ የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ፈረመልኝ።

ቋንቋዬ መጠለያው ውስጥም ነበረኝ፤ እዚያ ግን ሁላችንም እንችለው ስለነበር ለማንም አልጠቀመም። የሌላው ሰው ጉድለት የእኔ ችሎታ የሆነው ሌላ ሰው መሀል ስገባ ነው።

አልዩ አምባ | ማክሰኞ፣ ማታ 1:40

ወንድሜ ከምዕራብ የመጣኸው፣ እግዚአብሔር ልጁን ያሳድግልህ። ያልከው ነገር የእኛን አገር ታሪክ አስታወሰኝ።

እኔ ከአንኮበር ቁልቁል፣ ከአልዩ አምባ ነኝ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ በነገሡበት ዘመን አልዩ አምባ የሸዋ ትልቅ የንግድ በር ነበረች። ጅቡቲ ካለችው ከታጁራ ወደብ የሚነሳው ቅፍለት፣ የነጋዴው ጓዝ፣ በአፋር በረሃ አድርጎ እዚያ ነበር የሚያርፈው። አሞሌ ጨው ከቆላ ይወጣል፣ የደጋው እህልና ቡና ይወርዳል። አርጎባው፣ አፋሩ፣ የሐረሩ ነጋዴ፣ አማራው፣ ኦሮሞው በአንድ አምባ ላይ ይገናኝ ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኞችም እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሡ ሲመጡ በዚያው በኩል ነው የወጡት። በዚያ ዘመን በአካባቢው የሰው ልጅም ይሸጥ እንደነበር መደበቅ አይገባም፤ መደባለቅ ሁሉ ለሁሉም በጎ አልነበረም።

እኔ ልል የፈለግሁት ግን አንድ ነገር ነው። የአርጎባ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ አማርኛውንም፣ ኦሮምኛውንም፣ አፋርኛውንም የሚናገር ብዙ አለ። ይህ በትምህርት ቤት የመጣ አይደለም። በሁለት አገር መካከል የሚኖር ሰው መካከሉ ራሱ ሥራ ይሆነዋል፦ ደላላ፣ አስተርጓሚ፣ ሚዛን ያዥ፣ መንገድ መሪ። ሰንበቴ ገበያ እሑድ እሑድ ሄዳችሁ እዩ። ከአፋር ግመልና ፍየል ይዞ የመጣውን ከደጋው ገዢ ጋር የሚያገናኘው ሰው ሁለቱንም ቤት የሚያውቅ ነው። የጠባሴ ልጅ፣ "የትኛው መደባለቅ ነው?" ላልሽው የእኔ መልስ ይህ ነው፤ አንዱ የሌለውን ሌላው ሲኖረውና ሲፈላለጉ ነው እንጂ ስማቸው ስለተለያየ ብቻ አይደለም።

ሮቢት ነኝ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:30

ጥሩ ነገር እያነሳችሁ ነው፤ የእኛን ግን አትርሱ። ሸዋ ሮቢት ከሰሜን ሸዋ ከተሞች በጣም ከተደባለቁት አንዷ ናት። ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑ፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ በሽንኩርቱም በማሾውም አብሮ ሲሠራ የኖረ ነው። በ2013 ዓ.ም. ጎረቤታችን አጣዬ ስትቃጠል ግን የሆነውን አይተናል። ሰፈሩ የተደባለቀ ነበር፤ ድብልቅነቱ ከእሳቱ አላዳነውም። ከዚያ በኋላ ሽንኩርት የሚያስለቅም ባለሀብት የሚያውቀውን ወገን ብቻ መጥራት ጀመረ። ሠራተኛውም ወደ ሌላው ቀበሌ ለመሻገር ፈራ። ሰዎቹም ሰፈሮቹም እዚያው ናቸው፣ ሥራው ግን ለሁለት ተከፈለ።

በአሜሪካ ሮበርት ፑትናም የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት በጣም በተደባለቁ ሰፈሮች ሰው በሌላው ላይ ብቻ ሳይሆን በገዛ ወገኑም ላይ ያለው እምነት እንደሚቀንስ፣ እቤቱ እንደሚከተት ጽፏል። ብዙዎች ተከራክረውታል፤ እኔ ግን ሳነበው ሮቢትን ነው ያየሁት። መተማመን በሌለበት ተያዥ የሚሆንልህ ጎረቤት አይኖርም። ስለዚህ መደባለቁን ብቻ አታወድሱ። ሰላምና መንገድ ይቅደም።

መምህር ከመሐል ሜዳ | ማክሰኞ፣ ማታ 5:00

ሮቢት ነኝ ያልከው፣ ሐዘናችሁ የሁላችን ነው። ነጥብህም ትክክል ነው፤ ትልቁ ጥናት የሚለውም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት በአሜሪካ 21 ቢሊዮን የፌስቡክ ወዳጅነቶችን መረመሩ። የድሃ ልጅ ወደ ላይ ለመውጣቱ ከሁሉ በላይ ተዛምዶ የተገኘው ነገር ሀብታምና ድሃ በአካባቢው ምን ያህል ይወዳጃሉ የሚለው ነው። የድሃው ልጅ ያደገው የሀብታሙን ያህል ባለጸጋ ወዳጆች ባሉበት አካባቢ ቢሆን ኖሮ ሲያድግ ገቢው በአማካይ በ20 በመቶ ይጨምር ነበር ይላሉ። ግን ልብ በሉ፤ ድሃና ሀብታም የማይወዳጁበት ምክንያት በግማሽ ያህል ብቻ ነው ተራርቆ መኖር። ሌላው ግማሽ፣ አንድ ቦታ እየዋሉም አለመወዳጀት ነው። ከምዕራብ የመጣው ወንድማችን "ለሁለት ወር ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም" ያለው ያንን ሁለተኛ ግማሽ ነው።

ሰውን አንስቶ ሌላ ሰፈር ማስቀመጥ ብቻውን እንደማይበቃም ተሞክሮ ታይቷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1998 በአምስት ከተሞች ወደ 4,600 የሚጠጉ ቤተሰቦች በዕጣ ተለይተው፣ ለከፊሎቹ ድህነት ወዳልበዛበት ሰፈር የሚገቡበት የኪራይ ድጋፍ ተሰጣቸው። የወላጆቹ ሥራና ገቢ አልተለወጠም። 13 ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት ልጆች ግን ሲያድጉ ገቢያቸው ድጋፉ ካልደረሳቸው 31 በመቶ በልጦ ተገኘ። በሕንዷ አህመዳባድ ደግሞ በከተማው ዳር የተሻለ ቤት በዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ከ14 ዓመት በኋላ ሲታዩ ገቢያቸው ዕጣው ካልደረሳቸው አልተለየም። 34 በመቶው ጭራሽ አልገቡበትም፤ 32 በመቶው ገብተው ለቀው ወጥተዋል። ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ በችግር ጊዜ ከሚደርስ ሰው ተለይተው ቤቱ ብቻ አላኖራቸውም።

የቀበሌ ቤት ልጅ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4:10

እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ቀበሌ ቤት ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ብዙ ሰው አስቀይሟል፣ ቤታቸውን የተነጠቁት ቤተሰቦች ቅሬታ ዛሬም አለ። ያላሰበው ውጤት ግን ነበረው። በጥቂት ብር ኪራይ አንድ ግቢ ውስጥ ጸሐፊው፣ ወታደሩ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራው፣ እንጀራ የምትሸጠው አብረው ኖሩ። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ እድር። ተጣልተው እንኳ መተያየት የግድ ነበር።

እናቴ ጉልት ቸርቻሪ ነበረች። እኔ ታይፕ የተማርኩት ጸሐፊው ጎረቤታችን ቤት ነው፤ እሑድ እሑድ ማሽኑን ከመሥሪያ ቤት ይዞ ይመጣ ነበር። የመጀመሪያ ማመልከቻዬን ያረመልኝም እሱ ነው፤ "ግልባጭ ለማን እንደሚደረግ አልጻፍክም" ብሎ መልሶ ሰጠኝ። ይህን የመሰለ ነገር በቴሌግራም ቻናል አይገኝም።

አሁን ከተማችን ስታድግ የማየው ያሳስበኛል። አስተማሪው በማኅበር ተደራጅቶ ከአስተማሪ ጋር ይሠራል፣ የባንክ ሠራተኛው ከባንክ ሠራተኛ ጋር፣ ነጋዴው በአጥር ከፍ አድርጎ ለብቻው። የቀን ሠራተኛው ደግሞ ኪራይ ወደሚረክስበት ዳር ይገፋል። ከተማዋ በአጠቃላይ ሲታይ ከመቼውም በላይ የተደባለቀች ናት፤ ሰፈር ሰፈሩ ግን በአንድ ዓይነት ሰው ብቻ እየተሞላ ነው። እድሩም እንዲሁ። የቆየ እድር ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ባንክ ያለው ገንዘቡ ስለበዛ አዲስ አባል የሚከፍለው መመዝገቢያ ከፍ ይላል። ለተፈናቃይ ወይ ለተከራይ አይቀመስም። እኔ ባለሁበት እድር ተከራይ በግማሽ መመዝገቢያ፣ ቀሪውን በየወሩ እየከፈለ እንዲገባ ተከራክረን አስወስነናል። ሌሎችም እድሮች ቢያደርጉት እላለሁ።

ሥራ ፈላጊ ተመራቂ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 9:25

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አንድ የከበደኝ ነገር ልናገር። እናንተ ጎረቤት የምትሉትን ሌላው "የሰው ሰው" ይለዋል። እኔ የምኖረው በተደባለቀ ሰፈር ነው፤ ከጎናችን ኃላፊ አለ፣ ከፊት ለፊት ኢንጅነር አለ። ዲግሪዬን ይዤ ስዞር አንዳቸውም አላዩኝም፤ የኃላፊው የእህት ልጅ ግን ከገጠር በመጣ በወሩ ተቀጠረ። አንድ ቦታ ደግሞ በግልጽ ገንዘብ ተጠይቄያለሁ። ሥራ በትውውቅ መሆኑን ከተቀበልን እንደ እኔ ያለው ማንም የሌለው ምን ይሁን? የጠባሴ ልጅ፣ አንቺ ቅጥር ላይ ያለሽ ሰው ነሽ፤ ይህን ብትመልሽልኝ።

የጠባሴ ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 2:40

ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ አላስተባብልም። ወሬ መንገርና ወንበር መስጠት ለየቅል ናቸው። ጎረቤት "ማስታወቂያ ወጥቷል፣ እስከ ዓርብ ነው" ቢልህ ማንንም አልበደለም። ፈተናውን ሳትፈተን ቢያስገባህ ግን ሌላውን በድሏል። የምንጸየፈው ሁለተኛውን ነው።

ማንም ለሌለው ሰው ምን ይሠራል ላልከው፣ አዲስ አበባ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። ወጣት ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ከፍለው ለአንዱ ቡድን ሥራ ፍለጋ የሚመላለሱበትን የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ለሌላው የማመልከቻና የቃለ መጠይቅ ሥልጠና ሰጥተው፣ ችሎታውን ፈትነው ለቀጣሪ የሚያሳየው የምስክር ወረቀት ሰጡት። በአጭር ጊዜ ሁለቱም ጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቶ የሥልጠናውና የምስክር ወረቀቱ ቡድን በገቢም በሥራ ቆይታም በልጦ ተገኘ። ከእኔ ወንበር ሆኜ ሳየው ይገባኛል። እኔ የማላውቀውን ልጅ የምፈራው ስለማላውቀው ነው። ማንነቱን የሚመሰክርለት ጎረቤት ከሌለው፣ የሚያምኑት ወረቀት ይመስክርለት።

አሁንም የምቸገረው ተያዡ ላይ ነው። የችሎታውን ጥያቄ በምስክር ወረቀት መፍታት ይቻላል፤ ተያዡን ግን ወረቀት አይተካውም። ሕግ የሚያውቅ አለ?

ጠበቃ ከደብረ ሲና | ረቡዕ፣ ማታ 4:05

ሰዎች ተያዥ ለመሆን የሚፈሩት "ልጁ ሚሊዮን ብር ቢያጠፋ ቤቴ ይሸጣል" ብለው ነው። ሕጉ እንደዚያ አይልም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው ውጤት የለውም። ዋስትና በግምት አይወሰድም፤ በግልጽ መነገር፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። እኔ ያየኋቸው ብዙ ቅጾች ግን "ለሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነኝ" ብለው ያልፋሉ፤ መጠን የላቸውም። ይህ ድርጅቱን አይጠቅምም፣ ክርክር ሲመጣ ይወድቃልና። ተያዡንም በከንቱ ያስፈራዋል።

ስለዚህ የጠባሴ ልጅ፣ ቅጻችሁን አውጥተሽ እዪው። ልጁ በእጁ የሚይዘው ንብረት ወይም ገንዘብ ስንት ነው? መጠኑ በዚያ ልክ ይጻፍ። ሠላሳ ሺህ ብር ብቻ የሚጠየቅበትን ዋስትና የሚፈርም ጎረቤት ከዳር ሰፈርም ይገኛል፤ አንድ ሰው ካልቻለ ሦስት ሰዎች ተከፋፍለው ሊፈርሙ ይችላሉ።

የቀበሌ ቤት ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 4:30

ጠበቃ፣ እድር ራሱ ተያዥ መሆን ይችላል? ገንዘቡ ባንክ አለ፣ አባሉንም ከማንም በላይ ያውቃል።

ጠበቃ ከደብረ ሲና | ረቡዕ፣ ማታ 4:52

እድሩ ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት ካለው፣ ጠቅላላ ጉባኤው ከወሰነና መተዳደሪያ ደንቡ ካልከለከለ ውል መግባት ይችላል። ካልተመዘገበ ግን ሊቀ መንበሩ በእድሩ ስም ቢፈርም ራሱን ነው የሚያስይዘው፤ እንዳይሳሳት። ደንባችሁን ሳታዩ አትነሡ፤ የለቅሶ ገንዘብ ነውና ጣሪያውን ዝቅ አድርጉት።

ከምዕራብ የመጣሁ | ሐሙስ፣ ጠዋት 12:50

ከመጠለያ የወጣን ሰዎች የመሠረትነው እድር አለን፤ ትንሽ ነው፣ ግን ባለፈው ዓመት ተመዝግቧል። ማኅተምም አለን። እሑድ ስብሰባ ስላለን ጉዳዩን አቀርባለሁ። የጠባሴ ልጅ፣ ፋብሪካችሁ ለአንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ስንት ብር ዋስትና እንደሚበቃው ጠይቀሽ ብትጽፊልን ለስብሰባው ይረዳናል።

የጠባሴ ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 1:15

ዛሬ ኃላፊዬን አነጋገርኩት። ቅጹ እውነትም መጠን የለውም። ለሕግ ክፍል ልኮታል። ለግምጃ ቤት ረዳት በእጁ የሚያልፈውን ዕቃ ዋጋ አስልተን እስከ ዓርብ እንድናቀርብ ታዘናል፤ ቁጥሩ እንደወጣ እዚሁ እጽፈዋለሁ። የእድር ዋስትና ይቀበሉ እንደሆን ገና አልተወሰነም፤ የምዝገባ ወረቀታችሁንና የመተዳደሪያ ደንባችሁን ኮፒ ይዘህ ሰኞ ጠዋት ብትመጣ ግን እኔው ራሴ አስገባዋለሁ። አንደኛ ለወጣውም ልጅ ደውያለሁ።